ከእጅ አንጓ እስከ ልብ
በክንድ ደም ሥር በኩል ልብን ስለ መመርመር በቢታ ገነት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



እስቲ ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉልኝ። የግራ እጃችሁን ሌባ ጣትና መካከለኛ ጣት ከአውራ ጣታችሁ በታች፣ አንጓው ላይ፣ አጥንቱ ከሚዳሰስበት ገባ ብላችሁ ጫን አድርጉ። ትርታው ተሰማችሁ? ያልተሰማችሁ አትደንግጡ፤ ጣታችሁን ትንሽ ወዲህና ወዲያ አንሸራትቱት። አሁን የነካችሁት ራዲያል የሚባለው ደም ቅዳ ነው። ደም ቅዳ የምንለው ደምን ከልብ እያወጣ ለሰውነት የሚያደርሰውን ቧንቧ ነው፤ ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ ደም መልስ ይባላል። ይህ ከጣታችሁ ሥር የሚዘለው ቧንቧ ስፋቱ በአብዛኛው አዋቂ ሰው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የልብን ደም ሥሮች ለማየት፣ የተዘጋውንም ለመክፈት፣ ዛሬ በብዙ አገር ሐኪም በመጀመሪያ የሚመርጠው መግቢያ ይኸው ነው።

እዚህ ርእስ ላይ ለመናገር ቢታ ገነትን መምረጤ ያስገረማችሁ ትኖራላችሁ። ምርመራው የሚሠራበት ክፍል፣ እኛ ካት ላብ የምንለው፣ እዚህ የለም። በአገራችን ያሉት አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። ሕመምተኛው ግን እዚህም አለ። ደረቱን የያዘው ሰው ከዚህ ቦንጋ ገብረጻዲቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከቦንጋ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ እየተባለ ይሄዳል። ከቦንጋ ጅማ ብቻ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከጅማ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 350 ነው። በዚያ መንገድ ሄዶ የሚተኛው ሰው ስለሚደረግለት ነገር ምንም ሳይሰማ ባይተኛ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ሕመምተኛ ክንዱ ከቅርብ ሰው ክንድ ይልቅ ሊጠበቅለት ይገባል የሚል አሳብ አለኝ፤ ምክንያቱን እየሄድን ታዩታላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። በአገራችን ወጣቶችን በብዛት የሚጎዳው የልብ ሕመም ከልጅነት የጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ የልብን በር የሚያጠብበው ሩማቲክ የሚባለው ነው። የጠበበውን በር በፊኛ ስንከፍት የምንገባው በብሽሽት ደም መልስ እንጂ በእጅ ደም ቅዳ አይደለም። በ1989 ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማዕከሉን ሲከፍት በዋናነት የተነሣው ለእንዲህ ያሉ ልጆችና ልባቸው ተበስቶ ለሚወለዱት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳትደናገሩብኝ። የዛሬው ነገሬ የልብን ጡንቻ ራሱን የሚመግቡት ደም ሥሮች ሲጠቡና ሲዘጉ ስለሚመጣው ሕመም ነው። ብዙዎቻችሁ ሃርት አታክ የምትሉት የዚህ መጨረሻው ነው። ስኳር፣ ደም ግፊትና ሲጋራ ወደ ገጠሩም ገብተዋል፤ ይህም ሕመም አብሯቸው ገብቷል።

አሁን ወደ ክንዳችን እንመለስ። ወደ ልብ በክንድ መግባት አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው መንገድ እርሱ ነበር። በ1929 ኤበርስቫልደ በምትባል የጀርመን ከተማ ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ሐኪም አለቃው የከለከለውን ሥራ በራሱ ላይ ሠራው። የግራ ክርኑን እጥፋት አደንዝዞ፣ ደም መልሱን ከፍቶ፣ ቀጭን የሽንት ቱቦ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ገፋው። ቱቦው በክንዱ ተሰክቶ እንዳለ በእግሩ ደረጃ ወርዶ ራጅ ክፍል ሄደና ጫፉ ልቡ ውስጥ መድረሱን አስነሣ። መሣሪያውን እንድታወጣለት ያግባባት ነርስ ሙከራው በእርሷ ላይ የሚሠራ መስሏት ነበር፤ እርሱ ግን እርሷን ጠረጴዛ ላይ አስሮ የራሱን ክንድ ቀደደ። የዛሬ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ፎርስማንም በዘመኑ ብዙ አልተመሰገነም፤ በ1956 ግን ከሁለት ሌሎች ሐኪሞች ጋር የኖቤል ሽልማት ደረሰው።

ከዚያ በኋላ በ1958 ሜሰን ሶንስ በአሜሪካ ክሊቭላንድ የልብን ደም ሥር ለብቻው በራጅ በሚታይ ቀለም ሞልቶ ያየው በአጋጣሚ ነበር፤ ካቴተር የሚባለው ቀጭን ቱቦ ሳይታሰብ ተንሸራቶ ከቀኙ የልብ ደም ሥር አፍ ገብቶ ተገኘ። እርሱም የሚገባው በክንድ፣ ክርን ላይ ቆዳ ቀዶ ነበር። በ1960ዎቹ ግን ሐኪሞች ወደ ብሽሽት ዞሩ። የብሽሽቱ ደም ቅዳ ሰፊ ነው፤ በመርፌ በቀላሉ ይገኛል፤ ወደ ልብ የሚወስደውም ቀጥ ብሎ ነው። ለሐኪሙ ተመቸው። ለሕመምተኛው ግን አንድ ጣጣ አለው፤ ቦታው ጥልቅ ነው። ደም ከፈሰሰ ወደ ሆድ ጀርባ ተደብቆ ሊፈስ ይችላል፤ ሊትር ሙሉ ደም ጠፍቶ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ለሰዓታት እግሩን ሳያጥፍ በጀርባው ይተኛል።

በ1989 ሉስየን ካምፖ በካናዳ ሞንትሪያል በእጅ አንጓ በኩል 100 ሰው መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። በ1992 ደግሞ ፈርዲናንድ ኪመነይ በአምስተርዳም በዚያው በኩል የጠበበ የልብ ደም ሥር ከፈተ፤ ቆይቶም ስቴንት አስገባ። ስቴንት ማለት የተከፈተው ደም ሥር ተመልሶ እንዳይጠብ የሚደግፍ የሽቦ መረብ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ አንጓው ላይ ደም ቅዳው ከቆዳው ሥር ነው፤ ከበታቹ አጥንት አለ፤ በጣት ከተጫኑት ይቆማል። ሕመምተኛውም ወዲያው ተነሥቶ ይቀመጣል። በ2011 የታተመው ሪቫል የተባለው ጥናት በ32 አገሮች 7021 ሰዎችን አነጻጽሮ በመግቢያው ቦታ ላይ ከባድ የደም ሥር ጉዳት የደረሰባቸው በእጅ ከገቡት 1.4 በመቶ፣ በብሽሽት ከገቡት 3.7 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በ2015 የወጣው ማትሪክስ የተባለው ደግሞ 8404 ሰዎችን ተከታትሎ የሞቱት 1.6 በመቶ በእጅ፣ 2.2 በመቶ በብሽሽት ሆነው አገኛቸው። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፤ ነገር ግን በሕክምና መግቢያን መምረጥ ብቻ ሞትን መቀነሱ የሚያስገርም ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበርም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ ልምዱ ባለበት ቦታ እጅ እንዲቀድም አለ።

ለናንተ ደግሞ የበለጠ ምክንያት አለ። የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ የሚመረጠው ሕክምና ሕመምተኛውን በ120 ደቂቃ ውስጥ ካት ላብ አድርሶ መክፈት ነው። ከቢታ ገነት ይህ አይሆንም፤ በሔሊኮፕተርም ቢሆን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሌላው መንገድ ይከተላል። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ወይም ኢሲጂ በአስቸኳይ ይነሣል፤ መዘጋቱ ከተረጋገጠና ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካላለፈ፣ መድኃኒቱ ባለበት ሆስፒታል የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካል። አሁን አስቡት፤ ይህ ሰው ካት ላብ ሲደርስ ደሙ በመድኃኒት ቀጥኗል፤ አስፒሪንም፣ ሄፓሪንም ወስዷል። ብሽሽቱ ቢበሳ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። ከሩቅ የመጣ ሰው ክንድ ሊጠበቅለት ይገባል ያልኩት ለዚህ ነው። የአዲስ አበባው ሰው በቀጥታ ሊደርስ ይችላል፤ የቢታ ገነቱ ሰው የሚደርሰው መርፌውን ተወግቶ ነው።

ታዲያ እጅ ይህን ያህል የተሻለ ከሆነ ሁሉም ሰው ለምን በእጅ ብቻ አይመረመርም? የዛሬው ዋና ነገሬ እዚህ ላይ ይጀምራል። በመጽሐፍ ላይ የተሳለው ክንድና በሰው ላይ ያለው ክንድ አንድ አይደሉም። ሁላችሁም ሁለት ዓይንና አንድ አፍንጫ አላችሁ፤ ከቆዳችሁ በታች ያሉት ደም ሥሮች ግን በየሰዉ የራሳቸውን አካሄድ ሄደዋል።

ከአንጓው እንጀምር። የምናስገባው ካቴተር ስፋቱ የሚለካው ሦስቱ 1 ሚሊ ሜትር በሚሆን መለኪያ ነው። በብዛት የምንጠቀምበት 6 ቁጥር ስለሆነ 2 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። እርሱ የሚያልፍበት አጭር የመግቢያ ቱቦ ደግሞ ከውጭ ሲለካ ወደ 2.6 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የደም ቅዳው ስፋት ከ2 እስከ 3 መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ሒሳቡን ሥሩት፤ ለብዙ ወንዶች ልክክ ይላል፣ ለብዙ ሴቶችና ቁመታቸው አጠር ላሉ ሰዎች ግን ይጠብባቸዋል። በዚያ ላይ ይህ ደም ቅዳ ግድግዳው ወፍራም ጡንቻ አለው፤ ጡንቻውም ሰው ሲደነግጥ የሚመነጨውን አድሬናሊን ቶሎ ይሰማል። ሕመምተኛው ሲፈራ ደም ሥሩም አብሮት ይፈራል። ይኮማተርና ካቴተሩን አንቆ ይይዘዋል። ሕመምተኛው ክንዴ ተቃጠለ ይላል፤ ሐኪሙም ካቴተሩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ ይለዋል።

እናቶች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። የቀሚስ ወገብ ማሰሪያ በመርፌ ቁልፍ ስታስገቡ ጨርቁ ሲሸበሸብ ቁልፉን በኃይል የሚገፋ ሰው ጨርቁን ይበሳዋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መለስ ብሎ ሽብሽቡን አቃንቶ ይቀጥላል። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ናይትሮግሊሰሪንና ቬራፓሚል የሚባሉ ደም ሥር የሚያላሉ መድኃኒቶች በቱቦው እንሰጣለን፣ የሚያረጋጋ መርፌ እንጨምራለን፣ እንጠብቃለን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሰውየውን በመጀመሪያው መርፌ አለማስፈራት ነው። ሦስቴ አራቴ የተወጋ አንጓ ካቴተር ሳያይ ተኮማትሮ ይጠብቃል።

ወደ ላይ እንውጣ። ራዲያል በመጽሐፉ መሠረት የሚጀምረው ከክርን እጥፋት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ትልቁ የክንድ ደም ቅዳ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። በ2009 የእንግሊዝ ሐኪሞች 1540 ሕመምተኞችን በቀለም እያዩ ሲቆጥሩ ግን 13.8 በመቶው ከመጽሐፉ የተለየ ክንድ ነበራቸው። ከሰባት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከዚህ ጉባኤ መካከል ስንት ሰው እንደሚሆን በዓይናችሁ ቁጠሩት።

ከተለዩት መካከል ትልቁ ቁጥር፣ 7 በመቶ፣ ራዲያላቸው ከክርን በላይ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዴም ከብብት አጠገብ የሚጀምር ነበሩ። ይህ የመጣው ከማሕፀን ነው። ጽንሱ ክንድ ሲያወጣ የራዲያል መነሻ ከላይ ነው፤ በኋላ ክርን አካባቢ አዲስ መገናኛ ይወጣለትና የላይኛው ይከስማል። ባንዳንዱ ሰው የላይኛው አይከስምም፤ እንዳለ ይቀራል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ቡና ለቅሞ፣ እንጨት ፈልጦ፣ ማር ቆርጦ ምንም አይሰማውም፤ የሚያስቸግረው ለካቴተር ብቻ ነው። ቀጭኑ ቧንቧ ረጅም ስለሆነ የሚኮማተርበትም ርዝመት ይጨምራል። የሆነ ሆኖ ከነዚህ ያልተሳካላቸው 4.6 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በትዕግሥት ይታለፋል።

ከባዱ ሌላው ነው። 2.3 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች ራዲያላቸው ክርን አካባቢ ሲደርስ ሙሉ ዙር ዞሮ ራሱን አቋርጦ ነው የሚወጣው። ቀለበት እንለዋለን። በእንዲህ ያለ ክንድ ከገቡት 37.1 በመቶው አልተሳካላቸውም፤ ከመደበኛው ክንድ ግን ያልተሳካው 0.9 በመቶ ብቻ ነበር። ቀለበቱ ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። ከአናቱ ላይ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። ከካቴተሩ ቀድሞ የሚገባው መሪ ሽቦ ሲመጣ ቀለበቱን ትቶ ቀጥተኛዋን ይመርጣል። ሐኪሙ ሳያይ ከገፋ ያቺ ቀጭን ደም ሥር ትበሳለች፤ ደም በክንድ ጡንቻ መካከል ይፈስሳል፤ ክንዱ ያብጣል፤ ካልታወቀ ጡንቻውንና ነርቩን አፍኖ እጅ ሊያሽመደምድ ይችላል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስድሳ ዓመት አካባቢ የሆናቸው እናት ነበሩ፤ ከዚሁ ከካፋ መጥተው አዲስ አበባ ካት ላብ ጠረጴዛ ላይ የተኙ። አንጓቸው ቀጭን ነው፤ መዳፋቸው ግን ለዓመታት እንሰት የፋቀ መዳፍ ነው። ቱቦው ያለ ችግር ገባ። መሪው ሽቦ ውፍረቱ 0.89 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጫፉ እንደ ከዘራ የታጠፈ ነው። ራጁ ላይ ሽቦው ክርናቸው ዘንድ ደረሰና ጫፉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የያዘው ሐኪም ጣቱ ላይ የሚሰማው ነገር ትንሽ ነው፤ አንዲት ልስልስ ያለች መቃወም ብቻ። በዚያው ሰዓት እናት፣ «ልጄ፣ ክርኔ ውስጥ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ» አሉ። ሐኪሙ ቆመ። «አይዞዎት እማማ፣ ቆምኩ፤ አሁንስ?» አላቸው። «አሁን ተወኝ» አሉ። ጥቂት ሚሊ ሊትር ቀለም በውኃ አቅጥኖ ለቀቀና ሥዕሉን አየነው፤ ሙሉ ቀለበት ነው፤ ሽቦውም በዚያች ቀጭን ቅርንጫፍ አፍ ላይ ቆሟል። ለልብ ደም ሥር የሚያገለግለውን 0.36 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነውን ቀጭን ሽቦ አምጥቶ ቀለበቱን አዞረበት። አንዳንዴ ቀጭኑ ሽቦ ካለፈ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለበቱ ይፈታል፣ ክንዱ ቀጥ ይላል። የእርሳቸው ግን አልፈታም አለ፤ ሲሳብም አመማቸው። ሐኪሙ ሁሉንም አውጥቶ ወደ ግራ እጃቸው ዞረ። በግራው ምንም አልገጠመውም።

ከዚህ ሥራ ውስጥ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ሐኪሙ ለቆመባት ቅጽበት ነው። መቆም እንደ ሽንፈት የሚቆጠርበት ክፍል አለ፤ በእጅ ጀምሬ በእጅ ካልጨረስኩ የሚል ሐኪም አለ። እኔ እንዲህ ያለውን ጀግንነት አልወድም። ጥሩ የእጅ ሐኪም መቼ መቀጠል እንዳለበት ብቻ ሳይሆን መቼ እጁን መሰብሰብ እንዳለበት የሚያውቅ ነው። እናንተም ጠረጴዛው ላይ ስትሆኑ የሚሰማችሁን ዝም አትበሉ። በእኛ አገር ሕመምን ዋጥ ማድረግ ጨዋነት ነው፤ ካት ላብ ውስጥ ግን ያ ጨዋነት ይቅር። «ቆነጠጠኝ» የምትለው ቃል ከራጁ ቀድማ ትደርሳለች።

የተጠማዘዙ ደም ሥሮችም አሉ። በዚያው በእንግሊዞቹ ጥናት 2 በመቶ ናቸው፤ ከነርሱም 23.3 በመቶው አልተሳካላቸውም። የካቴተሩ ጠርዝ ደም ሥሩን እንዳይፍቅ ትንሽ ፊኛ ከአፉ ግማሽ ወጣ አድርጎ ለስለስ አድርጎ ነፍቶ ማሳለፍ ይቻላል። በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ በሕንድ አሕመዳባድ የሚሠሩት ዶክተር ተጀስ ፓቴል ናቸው። ከአገራችን ለልብ ሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው ብዙ ስለሆነ ምናልባት እንዲህ ያለው ዘዴ ተሠርቶለት ሳያውቀው የተመለሰ ሰው በመካከላችን ይኖራል።

እነዚህ ቁጥሮች የእንግሊዝ ሕመምተኞች ናቸው። ከቦንጋ ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱ የእኛን ሰው ክንድ በአልትራሳውንድ ቢለካ ደስ ይለኛል። መሣሪያው ለነፍሰ ጡር እናቶች የምንጠቀምበት ዓይነት ነው፤ ትንሿ መመርመሪያው ብቻ ትለያለች። ካቴተር ከመግባቱ በፊት በእርሱ ስፋቱን መለካት ለሕመምተኛውም ይጠቅማል።

ክንዱን አልፈን ትከሻ እንግባ። በቀኝ በኩል ደም ቅዳው ከአንገት አጥንት ሥር አልፎ ወደ አንገት ከሚወጣው ጋር ይቀላቀልና ከልብ ወደሚወጣው ትልቅ ቧንቧ፣ ወደ አኦርታ፣ ይደርሳል። በዕድሜ፣ በተለይም ለብዙ ዓመት ያልታከመ ደም ግፊት ባለበት ሰው፣ ይህ ቦታ ይረዝምና ይጠማዘዛል። እንግዲህ ሐኪሙ፣ «አባባ፣ አየር በረጅሙ ይሳቡ፣ ይያዙት» ሲል ብትሰሙ ትንፋሻችሁን መመርመሩ አይደለም። አየር ስትስቡ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ይወርዳል፣ ልብም አብሮ ይወርዳል፣ የተጠማዘዘው ይወጠራል። በዚያች ቅጽበት ካቴተሩ ያልፋል። መሣሪያ ሳይጨመር በትንፋሽ ብቻ የሚፈታ ችግር ነው፤ እኔን ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

እጅግ ጥቂት ሰዎች፣ ከመቶ አንድ ያህል፣ ቀኝ ክንዳቸው ደሙን የሚያገኘው ከቦታው ሳይሆን ከአኦርታ የግራ ጫፍ በሚነሣና በጉሮሮ ቧንቧ ጀርባ ዞሮ በሚመጣ ደም ቅዳ ነው። ዴቪድ ባይፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ዕድሜዋን ሙሉ ምግብ ለመዋጥ የተቸገረች ሴት አስከሬን ውስጥ አግኝቶት በ1794 ጽፎታል። በቀኝ እጅ የገባ ካቴተር እንዲህ ያለ ሰው ላይ ወደ ልብ ሳይሆን ወደ ሆድ መውረድ ይወዳል። ልምድ ያለው ሐኪም ይህን ቶሎ አውቆ ወደ ግራ እጅ ይዞራል።

የግራው እጅ በነገራችን ላይ ለምን ከመጀመሪያ አይመረጥም? ደም ቅዳው በቀጥታ ከአኦርታ ስለሚነሣ መንገዱ ከብሽሽቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ለአዛውንትና ቀደም ሲል ልባቸው በቀዶ ጥገና ሌላ ደም ሥር ለተቀጠለላቸው ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሐኪሙ ግን የሚቆመው በሕመምተኛው ቀኝ ነው፤ በሰውየው ሆድ ላይ ተንጠራርቶ መሥራት ወገቡን ይጎዳዋል። ግልጹን ልንገራችሁ፤ ቀኝ እጅ በብዛት የተመረጠው ለሐኪሙ ወገብ ተብሎ ነው። በ2017 ያው ኪመነይ ለዚህ መፍትሔ አመጣ። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትወጥሩ ከሥሩ አንድ ጎድጓዳ ቦታ ይታያችኋል፤ ራዲያል በዚያም ያልፋል። በዚያ ከተገባ ግራ እጅ ሆድ ላይ ተጋድሞ ሐኪሙም ሳይንጠራራ ይሠራል። ቀኝ እጁ መተዳደሪያው ለሆነ ሰው ጥሩ ነው፤ ደም ሥሩ እዚያ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይቀጥናልና ለሁሉም አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ፣ «የአንጓዬ ደም ሥር ቢዘጋ እጄ ይቆረጣል ወይ?» ብሎ ነው። መዳፋችን የሚመገበው ከሁለት ነው፤ በአውራ ጣት በኩል ራዲያል፣ በማርያም ጣት በኩል አልናር። ሁለቱ መዳፍ ውስጥ ቀስት ሠርተው ይገናኛሉ። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ያበላዋል። ኤድጋር አለን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1929፣ ፎርስማን ክንዱን በቀደደበት ዓመት መሆኑ ነው፣ ይህን የሚፈትንበት ዘዴ ጻፈ፤ ዛሬ በተሻሻለ መልኩ ሁለቱንም በጣት ይዘን እጁ ሲገረጣ አንዱን ለቅቀን ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀላ እናያለን። ስለዚህ መዘጋቱ እጅን የሚያሳጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ነገር ግን ተዘጋ ማለት በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ መግባት አይቻልም ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ለእጥበት የሚያስፈልገውን ደም ሥር ያጣል፤ እርሱ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፣ ሌላ መግቢያ ይፈለግለታል።

መዘጋትን የምንከላከለው በሄፓሪንና ከሁሉም በላይ በአስተሳሰር ነው። ቱቦው ከወጣ በኋላ አንጓችሁ ላይ በአየር የሚነፋ አምባር ይታሰራል። ደሙ ይቁም ተብሎ እስኪደነዝዝ ቢታሰር ደም ሥሩ ውስጥ ደም ይረጋል። ደም እንዳይፈስ ብቻ፣ ትርታው ግን ከበታቹ እንዳይጠፋ ሆኖ መላላት አለበት። በ2008 በ436 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እንዲህ ብቻ በማድረግ በማግስቱ የተዘጋውን ከ12 ወደ 5 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ወጪ የለውም፤ የአንድ ነርስ ሁለት ጣትና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ለጤና ባልደረቦቼ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ደረቱን ያመመውን ሰው ወደ ላይ ስትልኩ ግሉኮስ የምትሰጡበትን መርፌ ቀኝ አንጓ ላይ አትትከሉ፤ ግራ ክንድ ላይ ከፍ አድርጉት። ከቀኝ አንጓ ደም ቅዳ ደም አትቅዱ። ኢሲጂውን ደግሞ ከሰውየው ጋር ላኩት። ደረቱን ይዞ በሌሊት ሦስት መኪና ቀይሮ የመጣ ሰው አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው ኢሲጂ ግን የሆነ ቦታ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል።

ለታካሚዎች ደግሞ። ከተመለሳችሁ በኋላ ለጥቂት ቀናት በዚያ እጅ ከባድ አታንሡ፤ የቡና ለቀማ ወቅት ቢሆንም ጆንያ መሸከም ለልጆች ይተው። በጉዞ ላይ ቦታው ደም ካወጣ ወይም ካበጠ ተቀመጡና በሌላው እጃችሁ ሁለት ጣት ቀዳዳው ላይ ጫኑ፤ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ እያነሣችሁ አትዩት። በነጠላ ወይም በገመድ ክንዳችሁን አትሰሩ፤ ሾፌሩን አስቁሙና በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ግቡ። ጣቶቻችሁ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ክንዳችሁ እየወጠረ ከሄደ ቦንጋ ወይም ጅማ እስክትደርሱ አትጠብቁ።